ጀንክሽን ቦክሱን ጂፕሰም ውስጥ ልዝጋው ወይስ ይታይ?

የጀሞዋ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ኤሌክትሪክ የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤቱን የገዛነው ወጥ ቤቱ ታድሶ ካለቀ በኋላ ነው። ባለፈው ቅዳሜ እንጀራ ስጋግር፣ ሰባተኛው ወይ ስምንተኛው ላይ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። የምጣዱ ሶኬት መስሎኝ ነቅዬ አየሁት፤ ደህና ነው። ሽታው ከላይ ነው የሚመጣው። ቀና ስል ከኮርኒሱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ግድግዳው ላይ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ቡናማ ነገር አየሁ። ወንበር ላይ ወጥቼ ነካሁት። ግድግዳው ይሞቃል!

ባለቤቴ ብሬከሩን አጥፍቶ ልስኑን በካቻቪቴ ፈለቀቀው። ውስጡ ጀንክሽን ቦክስ (ገመዶች የሚገናኙበት ሳጥን) አለ። ክዳን የለውም፣ ስቱኮ ሞልቶበታል። ገመዶቹ እርስ በርስ ተጠማዝዘው በናስትሮ ተጠቅልለዋል። ናስትሮው ቀልጦ እንደ ሬንጅ ጣት ላይ ይጣበቃል።

አሁን ገመዱን የሚቀይር ሰው አግኝተናል። ግን በዚያው ኮርኒሱን ጂፕሰም ልናሠራ ነው። ጂፕሰም የሚሠራው ልጅ «ቦክሱ ቤቱን ያስጠላዋል፣ ወደ ላይ እናውጣውና ጂፕሰሙ ይሸፍነው» አለን። ኤሌክትሪሻኑ ደግሞ «እንደፈለጋችሁ» ብሎ ተወው። እኔ ግን ያን ግድግዳ ከነካሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። መታጠቢያ ቤት ውስጥም ከሻወሩ በላይ አንድ ክብ ክዳን አለ። እሱስ ችግር የለውም?

ፒንሳና ቴስተር

እህቴ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፋችሁ። በዚህ ሥራ 22 ዓመቴ ነው። አንድ ነገር ልለምንሽ፦ ቦክሱን አትዝጊው። ጂፕሰም ውስጥም፣ ልስን ውስጥም፣ ሴራሚክ ስርም አይሁን።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ቱቦ ውስጥ ያለ ያልተቆረጠ ገመድ፣ ካልተጎዳና ከአቅሙ በላይ ካልተጫነበት፣ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ችግር የሚመጣው ገመድ ከገመድ በሚገናኝበት ቦታ ነው። የእናንተ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ቢሆን በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። የተጠማዘዘው ቦታ ላልቶ የአንድ ኦም (ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚከለከል መለኪያ ነው) አንድ አሥረኛ ብቻ ቢከለክል፣ እዚያች ጫፍ ላይ 25 ዋት ሙቀት ይፈጠራል። ሬዲዮ ጠጋኞች የሚበይዱበትን ትንሽ መበየጃ ታውቂዋለሽ? በሙቀት ያን ያህል ነው። እሱን ግድግዳ ውስጥ ሰክተሽ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ሰዓት እንደማቆየት ቁጠሪው። ብሬከሩ ደግሞ አይወርድም። የሚያልፈው ያው የምጣዱ 16 አምፔር ነዋ! ብሬከር የሚያየው ብዛትን ነው፣ የላላ ማያያዣን አያይም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያገኘው አይን፣ እጅና አፍንጫ ነው። ቦክሱ ከተደፈነ ደግሞ ማንም አያገኘውም።

አንድ ጊዜ ግማሽ ቤት መብራት የጠፋበት ቤት ተጠራሁ። ሁለት ቀን ሙሉ በካቻቪቴ እጀታ ግድግዳ እያንኳኳሁ ባዶ ድምፅ ፈለግኩ። አራት ቦታ ሰበርኩ። ቦክሱ የተገኘው ከቁም ሳጥኑ ጀርባ፣ ሦስት እጅ ቀለም ስር ነው። ባለቤቲቱ አዲሱን ቀለም እያዩ አለቀሱ። ማያያዣውን ለመጠገን የፈጀብኝ አሥር ደቂቃ ነው።

አሁን እንዲህ አስደርጊ። ምጣዱ ራሱን የቻለ መስመር ይኑረው፤ ከብሬከሩ እስከ ምጣዱ ሶኬት ሳይቆረጥ የሚሄድ 4 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት) ገመድ፣ በ20 አምፔር ብሬከር። ያኔ የምጣዱ መስመር ቦክስ ውስጥ መቀጠል አያስፈልገውም፣ ሽሽግ ማያያዣም አይኖርም። ለሌሎቹ መስመሮች ቦክሱ እዚያው ይቆይ፣ ክዳኑ በብሎን ይታሰር። ገመዶቹ በተርሚናል፣ ማለትም ገመዱን አጥብቆ በሚይዝ ማያያዣ፣ ይያያዙ። ናስትሮ ብቻውን ማያያዣ አይደለም። ሠራተኛው ከጨረሰ በኋላ እያንዳንዱን ገመድ በእጁ ይሳበው፣ አንቺም ቆመሽ እይ። የመሬት ሽቦው ተቆርጦ እንዳይቀር።

የመታጠቢያ ቤቱ ያሳስበኛል። ሻወሩ ገንዳ ከሌለው፣ ከውሃ መውጫው 1.20 ሜትር ድረስ እስከ 2.25 ሜትር ከፍታ ያለው ቦታ የውሃ ክልል ነው። ለሌላ ክፍል የሚያልፍ መስመር ማያያዣ እዚያ አይቀመጥም። የቦይለሩ እንኳ ቢሆን ወደ ኮሪደር ይውጣልሽ። እንፋሎት በክዳኑ ገብቶ መዳቡን አረንጓዴ ያደርገዋል።

ቨርጂኒያ ያለሁ

የላይኛው ወንድማችን ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ እዚህ አሌክሳንድሪያ ኤሌክትሪሻን ነኝ። የአሜሪካው የኤሌክትሪክ ኮድ አንቀጽ 314.29 ቦክስ ውስጥ ያለው ገመድ የሕንፃው አካል ሳይነሳ የሚደረስበት መሆን አለበት ይላል። ተነስቶ የሚመለስ የኮርኒስ ሰሌዳ ይፈቀዳል፤ የተለሰነ ጂፕሰም ግን ተቆርጦ ነውና የሚከፈተው አይፈቀድም። ተቆጣጣሪው የሚመጣው ደግሞ ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት ነው። ገመዱን በአይኑ ሳያይ ጂፕሰም አይለጠፍም።

የግድ ከኮርኒስ በላይ ይሁን ካላችሁ መክፈቻ በር ይሠራለት፤ ጭንቅላትና ሁለት እጅ የሚያስገባ። የአንድ እጅ ቀዳዳ አይበቃም፤ ገመድ በአንድ እጅ አይታሰርም።

ቀለም ቀቢ

እኔ የፊኒሺንግ ባለሙያ ነኝ። እውነቱን ለመናገር፣ እኛም ብዙ ጊዜ ደንበኛው «አስጠፋልኝ» ስለሚል ነው የምንደፍነው። ማስጠላቱ መፍትሔ አለው። ክዳኑን ፈትተሽ በግድግዳው ቀለም ለብቻው ቀቢው፣ ሲደርቅ መልሺው። ከግድግዳው ጋር አብሮ ከተቀባ ግን ቀለሙ ጠርዙንና ብሎኑን ይይዘዋል፣ በኋላ ሲከፈት ልስኑን ይዞ ይነሳል። ወጥ ቤት ቁም ሳጥን ከመጣም ጀርባውን በቦክሱ ልክ ይቁረጡት።

የጀሞዋ እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ጽሑፍ ለኤሌክትሪሻኑም ለጂፕሰሙ ልጅም አስነበብኳቸው። ልጁ ትንሽ አኩርፎ ነበር፣ በኋላ ግን ጂፕሰሙን ከቦክሱ አምስት ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ጨረሰው፤ እንዲያውም አምሯል።

ምጣዱ አዲስ መስመር ወጣለት። ቦክሱ ክዳን አለው፣ በክሬም ቀለም ተቀብቷል። ባለቤቴ የክዳኑ ውስጥ ገጽ ላይ የትኛው ገመድ ወዴት እንደሚሄድ በማርከር ጻፈበት። ቱቦዎቹ ሳይለሰኑ ሜትር ዘርግተን ፎቶ አነሳናቸው። የሻወሩ ቦክስ ሲከፈት ውስጡ ውሃ ያቋጠረ ነበር። ወደ ኮሪደር ወጥቷል።

ዛሬ ሃያ እንጀራ ጋገርኩ። መሃል ላይ ሦስት ጊዜ ወንበር ላይ ወጥቼ ክዳኑን ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። ታች ያለችው ጎረቤቴ ቤትም በዚያው ሰው ነው የታደሰው አሉ። ነገ አብረን ግድግዳዋን እናንኳኳለን።