የማርሽ ኖብና የስሩን ቆዳ ልቀይር ነው፦ የቱ ጥርስ ይገጥማል? ከባድ ብረትስ ካምቢዮ ይጎዳል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ባለ 5 ማርሽ ማኑዋል ቶዮታ ነው። የማርሹ ኖብ (በእጅ የሚያዘው ጭንቅላት) ተላልጧል፤ ከስሩ ዘንጉን የሚሸፍነው ቆዳም እጥፋቱ ላይ ተሰነጣጥቋል። ኖቡን 450 ግራም በሚመዝን ክብ ብረት ልተካው፣ ቆዳውን ደግሞ ራሴ ልሰፋው አስቤያለሁ። ዘንጉ ላይ የሚዞርበትን የብሎን ጥርስ የቱን መጠን ልግዛ? ክብደቱ ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ይጎዳዋል? ቆዳውስ በምን ይሰፋል?

መልስ 1

ወንድሜ፣ የአብዛኞቹ ቶዮታዎች ዘንግ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር፣ ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 1.25 ሚሊ ነው። ሆንዳ 10 በ1.5፣ ኒሳንና ማዝዳ ደግሞ በብዛት 10 በ1.25 ናቸው። ቢሆንም አሮጌውን ፈትተህ ሳትለካ አትግዛ።

በካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ስትለካው 11.8 ገደማ ቢያሳይህ ግራ አትጋባ፤ በጥርሱ ጫፍ የሚለካው ውፍረት ሁልጊዜ ከሚጠራበት መጠን ትንሽ ያንሳል፣ ስለዚህ 12 ነው። ቀጥለህ ከአንዱ ጥርስ ጫፍ ተነስና 10 ክፍተት ቆጥረህ ርቀቱን ለካ። 12.5 ሚሊ ከመጣ 1.25 ነው፣ 15 ከመጣ 1.5። የተሳሳተ ኖብ አንድ ሁለት ዙር ገብቶ ድንገት ይጠብቃል። እዚያ ላይ በጉልበት ከገፋህ የዘንጉን ጥርስ ትበላዋለህ፤ ኖብ ይገዛል፣ ዘንግ ግን ኮንሶል (በወንበሮቹ መሃል ያለውን ሽፋን) አስፈትቶ የሚቀየር ነው። ትክክለኛው በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው መዞር አለበት፣ ቢያንስ 8 ዙር።

ስትፈታው ሞተሩ ይጥፋ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ። ካልዞረልህ በፀጉር ማድረቂያ ሁለት ሦስት ደቂቃ አሙቀው፤ ብዙውን ጊዜ የያዘው ማጣበቂያ ነው። ዘንጉን ራሱን በፒንሳ አትንከሰው።

ለየትኛውም መኪና ይሆናል ተብሎ የሚሸጠውን፣ በጎን በሦስት ትንንሽ ብሎን የሚጠብቀውን ግን አልመክርህም። ብሎኖቹ የዘንጉን ጥርስ ይወጋሉ፤ በንዝረት ሲላሉ ደግሞ ኖቡ እጅህ ላይ ይዞራል።

መልስ 2

ስለ ክብደቱ። ከባድ ኖብ አንዴ መንቀሳቀስ ከጀመረ ራሱ ይገፋል፤ ማርሹ ለስልሶ የገባ የሚመስለው ለዚህ ነው። ያለቀ ሲንክሮናይዘር (ማርሽ ሲገባ ፍጥነቱን የሚያመሳስል ቀለበት) ግን አይጠግንም። ዘንጉ ቀጥ ብሎ ሲቆም ክብደቱ የሚያርፈው በሚዞርበት ኳስ ላይ ስለሆነ፣ ጤነኛ ካምቢዮ በ450 ግራም ይጎዳል ብዬ አላምንም። ካምቢዮ የሚጎዳው እየነዱ እጅን ኖቡ ላይ አሳርፎ መቆየት ነው፤ ግፊቱ ያለማቋረጥ ካምቢዮ ውስጥ ማርሽ ወደሚያስገባው ፎርክ (ሹካ) ይሄዳልና።

ጣጣው የዘንጉ ቦኮላ (ዘንጉ ሳይላላ እንዲዞር የሚይዘው ቀለበት) ሲያልቅ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ዜሮ ላይ አድርገህ ዘንጉን በሁለት ጣት ግራና ቀኝ ነቅነቀው። ልል ከሆነና የሚንኳኳ ድምፅ ካለው መጀመሪያ ቦኮላውን ቀይር። አለበለዚያ አዲሱ ብረት መንዘሩን ያባብሰዋል፣ ማርሽ የመዝለል ጠባይ ያለው መኪና ከሆነም ጉድጓድ ሲመታ ማርሹ ይወጣል።

ቁመቱንም አትርሳ። ኖቡ ከዘንጉ መዞሪያ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ከነበረና አዲሱ ወደ 17 ካወረደው፣ የእጅህ ጉዞ በ15 በመቶ ያጥራል፣ የሚፈልገው ጉልበት ግን ወደ 18 በመቶ ይጨምራል።

ሌላው ሙቀት ነው። የተወለወለ ብረት ፀሐይ ላይ ከቆመ መኪና ውስጥ እጅ ያቃጥላል። ደጅ የምታቆም ከሆነ ከላይ ቆዳ የለበሰ ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ ብትመርጥ ይሻልሃል። የማርሽ ቁጥሮቹ የተጻፉበትን ውሰድ፤ ጃፓንን በመሰለ አገር ቁጥሮቹ ካልታዩ መኪናው ምርመራ አያልፍም።

መልስ 3

ቆዳውን በተመለከተ፦ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ውፍረት ያለው ለስላሳ እውነተኛ ቆዳ ይሁን። ከዚያ የወፈረ አይታጠፍም። አሮጌውን ከፕላስቲክ ፍሬሙ አላቅ፣ ስፌቱን በምላጭ ፍታ፣ ቁርጥራጮቹን ካርቶን ላይ ዘርግተህ ንድፉን ቅዳ። ለስፌት የተተወው ጠርዝ አብሮ መቀዳት አለበት፤ እሱ ከቀረ ሽፋኑ ይጠብብሃል።

ክሩ ፖሊስተር ይሁን፣ ጥጥ በፀሐይ ይበሰብሳል። የስፌቱን እርምጃ 4 ሚሊ አድርገው። አጥብበህ ከሰፋኸው ቀዳዳዎቹ ተጠጋግተው ቆዳው እንደ ቴምብር በመስመሩ ላይ ይቀደዳል። መርፌ የበሳው ቆዳ እንደ ጨርቅ ተመልሶ አይደፈንም፤ ስለዚህ መጀመሪያ በማይረባ ጨርቅ ሰፍተህ ሞክር።

ሲገጠም ቆዳውን ገልብጠህ ውስጡ ወደ ውጭ ሆኖ አፉን ዘንጉ ላይ በፕላስቲክ ማሰሪያ አጥብቅ፣ ከዚያ ወደ ታች መልሰው። ማሰሪያው ተደብቆ ይቀራል። ፍሬሙን ከመጫንህ በፊት ሁሉንም ማርሽ አስገባ፤ በተለይ 5ኛና የኋላ ማርሽ፣ ጥግ ላይ ስለሆኑ። በአንዱ እንኳ ቆዳው ከተወጠረ አስፋው፤ የተወጠረ ቆዳ ዘንጉን ወደ ኋላ እየሳበ ማርሹ ሙሉ በሙሉ እንዳይገባ ያደርጋል። ከስር ያለውን የጎማ ሽፋን ደግሞ አትጣለው። አቧራ፣ ድምፅና ሙቀት የሚከለክለው እሱ ነው።

ጠያቂው

እጅግ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ ኖቡ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ቁጥሮቹ ጠምመው ቢቆሙስ?

መልስ 1

አጥብቀህ ለማስተካከል አትሞክር። ከኖቡ በፊት ያው 12 በ1.25 የሆነ ቀጭን ዳዶ ዘንጉ ላይ አስገባ። ኖቡን እስከ ታች አዙር፣ ቁጥሮቹ ቀጥ እስኪሉ መልስ፣ ከዚያ ኖቡን በእጅ ይዘህ ዳዶውን ከስር ወደ ላይ አጥብቅበት። አሁንም የሚላላ ከሆነ አንድ ጠብታ ሰማያዊ የብሎን ማጣበቂያ ይበቃዋል። ቀዩን አታድርግ፤ እሱን ለመፍታት ኃይለኛ ሙቀት ያስፈልጋል፣ አጠገቡ ያለው ፕላስቲክና አዲሱ ቆዳህ ደግሞ አይችለውም።