የዕቅድ ውይይት፦ የላብ ኮንፊግ (የኔትወርክ መሣሪያ ቅንብር) ፋይሎችን ከየላቡ መሣሪያ ጋር ማስማማት (ሐዋሳ)

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበው ረቂቅ ይኸው፤ ጨምሩበት፣ ቀንሱበት። መልመጃዎቻችን የተጻፉት ለሲስኮ 2811 ራውተርና ለ2960 ስዊች ነው። የታቦር ላብ ግን 4321 ራውተርና 3560ጂ ስዊች ነው ያለው፤ የመናኸሪያ ላብ ደግሞ 2911 ራውተር። ሐሳቡ አንድ ዋና ፋይል ይዘን የየመሣሪያውን ቅጂ በፓይተን ስክሪፕት ማውጣት ነው። የፖርት ስሞች ማዛመጃ በሲኤስቪ (በኮማ በተለየ የሰንጠረዥ ፋይል) ይቀመጣል፦ የ2811ዱ ፋስትኢተርኔት0/0 በ2911 ጊጋቢትኢተርኔት0/0፣ በ4321 ጊጋቢትኢተርኔት0/0/0 ይሆናል። ስክሪፕቱ ሰንጠረዡን ተራ በተራ እያነበበ ይተካል።

ታቦር፦
«ተራ በተራ» የምትለዋ ትውጣ። ከ2960 ወደ 3560ጂ ስንሄድ ፋስትኢተርኔት0/1 ጊጋቢትኢተርኔት0/1 ይሆናል፤ የ2960ው አፕሊንክ (ከሌላ መሣሪያ ጋር የሚያገናኘው ፖርት) ጊጋቢትኢተርኔት0/1 ደግሞ ወደ 0/25 ይዛወራል። ተራ በተራ ከተተካ፣ አሁን የተለወጠው የተማሪ ፖርት በቀጣዩ ዙር እንደገና ተለውጦ አፕሊንኩ ላይ ያርፋል። ስክሪፕቱም አንድም ስህተት አያሳይም። ሁሉም ስሞች በአንድ ሬጌክስ (የጽሑፍ መፈለጊያ ንድፍ) ተይዘው ፋይሉ በአንድ ዙር ብቻ ይለወጥ። 0/1 ሲፈለግ 0/10 እንዳይነካ፣ ከቁጥሩ ቀጥሎ አሃዝ ወይም ስላሽ ካለ ይለፈው፤ ነጥብና ቁጥር ከተከተለ ግን ሰብኢንተርፌስ (የፖርቱ ንዑስ ክፍል) ነውና ይለወጥ።

መናኸሪያ፦
የታቦሩን እደግፋለሁ። «ኢንተርፌስ» ብሎ የሚጀምረውን መስመር ብቻ መለወጥም አይበቃም። የፖርቱ ስም በኦኤስፒኤፍ (የመንገድ መምረጫ ፕሮቶኮል) ሥር «ፓሲቭ-ኢንተርፌስ» ላይ፣ በናት (አድራሻ መለወጫ) «ኦቨርሎድ» መስመር ላይ፣ አንዳንዴም በስታቲክ ራውት (በእጅ የተጻፈ መንገድ) ውስጥ አለ። ማዛመጃ የሌለው ስም ሲገኝ ስክሪፕቱ የመስመሩን ቁጥር ነግሮ ይቁም፤ ግማሽ የተለወጠ ፋይል አያውጣ።

ሐይቅ ዳር ላብ፦
እኔን የሚያሳስበኝ ፋይሉ ውስጥ የሌለው ነገር ነው። ክፍት የሆነ የራውተር ፖርት በ«ሾው ራኒንግ-ኮንፊግ» (እየሠራ ያለውን ቅንብር በሚያሳየው ትእዛዝ) ሲታይ «ኖ ሸትዳውን» (ፖርቱን ክፈት) የሚል መስመር የለውም። ቅጂው ባዶ ራውተር ላይ ሲለጠፍ ፖርቱ እንደተዘጋ ይቀራል፤ ተማሪው ኬብል ሲነቅልና ሲሰካ ይውላል። ስለዚህ «ሸትዳውን» ያልተጻፈበት ፖርት ሁሉ ሥር ስክሪፕቱ «ኖ ሸትዳውን» ይጨምር። በቪቲፒ (ቪላኖችን ለስዊቾች ማጋሪያ) ሰርቨር ሞድ ያለ ስዊችም ቪላኖቹን (ኔትወርኩ የተከፈለባቸውን ክፍሎች) ከኮንፊጉ ውጭ ቪላን.ዳት በተባለ ፋይል ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፤ በዋናው ፋይል በእጅ ይጻፉ። ደግሞ 3560 ላይ ከ«ስዊችፖርት ሞድ ትራንክ» (ፖርቱ ብዙ ቪላን እንዲያስተላልፍ ከሚያደርገው ትእዛዝ) በፊት «ስዊችፖርት ትራንክ ኢንካፕሱሌሽን ዶት1ኪው» ካልቀደመ ትእዛዙን አይቀበልም። 2960 ደግሞ ይህን መስመር ጭራሽ አያውቀውም።

ታቦር፦
በ9600 ቢት በሰከንድ ኮንሶል (የመሣሪያው መቆጣጠሪያ መስመር) ረጅም ፋይል ባንዴ ሲለጠፍ ፊደል ይዘላል። ቴራ ተርም (የኮንሶል ፕሮግራም) ላይ በየመስመሩ መዘግየት ይሰጠው፤ ይህም መመሪያው ውስጥ ይግባ።

አስተባባሪ፦
ሁሉም ገብቷል። የረቂቁ ተራ ቁጥር 2 አሁን እንዲህ ይነበባል፦ «ስክሪፕቱ በአንድ ዙር ይተካል፤ የማያውቀው ስም ሲያጋጥመው ይቆማል፤ ከስም ውጭ ያሉ የሞዴል ልዩነቶች በየሞዴሉ የራሳቸው ፋይል ይኖራቸዋል።» ሰንጠረዡን መናኸሪያ፣ የ3560 ፋይሉን ሐይቅ ዳር ይያዙልን። ታቦሮች የትራንክ መልመጃውን በ3560ጂ ሞክራችሁ የ«ሾው ኢንተርፌስስ ትራንክ»ን ውጤት እዚሁ ለጥፉልን።