የጉድጓድ ውኃን ለጨረራ ምርመራ ናሙና እንዴት እንውሰድ?

ጥያቄ (የመጠጥ ውኃ ኮሚቴ ጸሐፊ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በዝዋይ አካባቢ በምትገኘው ቀበሌያችን የምንጠጣው ከጥልቅ ጉድጓድ ነው። ባለፈው ወር አንድ እንግዳ በእጅ የሚያዝ የጨረር መለኪያ በቦኖው ሥር ወደተደረደሩት ጀሪካኖች ሲያስጠጋ መሣሪያው ደጋግሞ ጮኸ፤ እሱም «ውኃችሁ ጨረር አለበት» ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እናቶች ፈርተው ወደ ሐይቁ እየወረዱ ነው። በመንግሥት ላቦራቶሪ ለማስመርመር ናሙናውን እንዴት እንውሰድ?

መልስ (የላቦራቶሪ ባለሙያ)፦
ከሁሉ አስቀድሞ ሰዉ ያልታከመ የሐይቅ ውኃ እንዳይጠጣ አደራ እላለሁ፤ ተቅማጥ ጊዜ አይሰጥም። አፈሩም ድንጋዩም የተፈጥሮ ጨረር ስላለው መሣሪያው የትም ይጮኻል፤ ጥቂት ብቻ ተጉዞ የሚቆመውን የአልፋ ጨረር ደግሞ ውኃው ራሱና የጀሪካኑ ፕላስቲክ ስለሚያስቀሩት፣ በዚያ መንገድ የመጠጥ ውኃ አይመረመርም።

በቧንቧው ያደረው ውኃ ፈስሶ እስኪያልቅ ጠብቃችሁ ላቦራቶሪው በሚሰጣችሁ ንጹሕ የፕላስቲክ ዕቃ ቅዱ። ጨረር አመንጪ የሆኑት ዩራኒየምና ራዲየም በዕቃው ግድግዳ ላይ ተጣብቀው እንዳይቀሩ ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል፤ ይህን ባለሙያው ይሥራው። ሌላው ጨረር አመንጪ፣ ራዶን፣ ግን ጋዝ ስለሆነ፣ ናሙናው በብርጭቆ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልቶ፣ አንዲት የአየር አረፋ እንኳ ሳትቀርበት ተከድኖና የተቀዳበት ሰዓት ተጽፎበት ቶሎ መድረስ አለበት፤ በ3.8 ቀን ግማሹ ይጠፋልና።

መልስ (የአካባቢ ጤና ባለሙያ)፦
በማመልከቻችሁ ላይ ፍሎራይድንም ጨምሩ። በስምጥ ሸለቆ የብዙ ልጆችን ጥርስ ያበለዘው እሱ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። እኔ ብሆን ከጨረራው ይልቅ መጀመሪያ የምሰጋው ለዚህ ነው።

ጠያቂው፦
እናመሰግናለን። ውጤቱ እስኪመጣ አፍልተን ብንጠጣስ?

መልስ (የፊዚክስ መምህር)፦
ማፍላት ራዶንን ያስወጣል፤ ራዲየምና ዩራኒየም፣ ፍሎራይድም ጭምር፣ እዚያው ይቀራሉ፤ ውኃው በተነነ መጠን እንዲያውም ይበረታሉ። ውጤቱ ሲደርሳችሁ በሊትር ጠቅላላ አልፋ ከ0.5፣ ጠቅላላ ቤታ (ሌላው የጨረር ዓይነት) ከ1 ቤክሬል (የጨረራ መጠን መለኪያ) ካልበለጠ በጨረራ በኩል ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ቢበልጥም የትኛው ንጥረ ነገር እንዳመጣው ተለይቶ ይታያል እንጂ ቦኖው ወዲያው አይዘጋም፤ ለምሳሌ በውኃው ውስጥ ያለ ተራ ፖታሲየም በተፈጥሮው ጥቂት ቤታ ስለሚያወጣ የቤታውን ቁጥር ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል፣ ፖታሲየሙ ለብቻው ተለክቶ እንዲቀነስ ጠይቁ።