እህቴ ጎንደር ናት፤ የ1099 ወረቀቷ ግን እኔ እጅ ገባ

የአዘዞው፦
ጤና ይስጥልኝ የሀገሬ ልጆች። ሜሪላንድ የምትኖረው እህቴ እናታችን ስለታመመች በየካቲት መጨረሻ ወደ ጎንደር ሄዳለች። ከመሄዷ በፊት ከአረጋውያን መንከባከቢያው የተሰጣትን ደብልዩ 2 (የዓመት ደመወዟንና የተቆረጠባትን ግብር የሚያሳየውን ወረቀት) ይዛ የ2025 ግብሯን አስገብታ ነበር፤ ተመላሹ፣ ማለትም በትርፍ ከተቆረጠባት ግብር የሚመለስላት ገንዘብ፣ ገና አልመጣም። ትናንት ፖስታዋን ሳይ ወደ ድሮ አድራሻዋ ተልኮ ዘግይቶ የደረሰ 1099 ኤንኢሲ አገኘሁ፤ በቅጥር ሳይሆን በግል ለተሠራ ሥራ የተከፈለን ገንዘብ የሚያሳይ ወረቀት ነው። ባለፈው ክረምት ማታ ማታ በስልክ ለሐኪም ቤቶች ያስተረጎመችበት 4,300 ዶላር አንደኛው ሳጥን ውስጥ ተጽፏል። ስደውልላት ደነገጠች፤ ሥራው አጭር ስለነበር ጨርሶ ከሐሳቧ ወጥቷል።

አሁን ታርም ወይስ ተመላሹን ትጠብቅ? እሷ እዚያ ሆና እኔ ልፈርምላት እችላለሁ? ጭንቀቱን የሚያብሰው ደግሞ ያንን ተመላሽ ለወላጆቻችን ቤት ጣሪያ ቃል መግባቷ ነው። አናጢው ቀብድ ተቀብሏል፤ ቆርቆሮው ከሰኔ በፊት መልበስ አለበት።

የሒሳብ ሠራተኛው፦
ልጄ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ወረቀቱ ለእህትህ ብቻ የተላከ እንዳይመስልህ፤ ያሠራት ድርጅት ለአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት ለአይአርኤስም ያሳውቃል። ኮምፒውተሩ እሷ ካስገባችው ጋር ያስተያይና ልዩነት ሲያገኝ ሲፒ 2000 የሚባል ደብዳቤ ይልካል። ደብዳቤው እስኪመጣ ብዙ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ፤ ወለዱ ግን ከኤፕሪል 15 ጀምሮ በየቀኑ ይቆጠራል። ቸልተኝነት ነው ካሉም በጎደለው ግብር ላይ 20 ከመቶ ቅጣት ሊጨምሩ ይችላሉ። እነሱ ሳይጠይቋት ቀድማ ያረመች ሰው ግን ከዚያ ቅጣት ትድናለች።

ማረሚያው 1040 ኤክስ ነው። በኮምፒውተር ይገባል፤ የግል ሥራ ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ስኬጁል ሲ እና የግል ሥራ ግብር የሚሰላበት ስኬጁል ኤስኢ አብረውት ይያያዛሉ። የመጀመሪያው ማመልከቻ ተጣርቶ እስኪያልቅ ብትጠብቅ ይሻላል፤ ሁለቱ ከተደራረቡ ሥራው ይጓተታል። ተመላሹ ከመጣ ትቀበለው፤ ችግር የለውም። ክፍያው ግን ኤፕሪል 15 ሳያልፍ ይፈጸም፤ ያን ጊዜ ወለድ የሚታሰብበት ነገር አይኖርም።

መጠኑን ልንገርህ። ከ400 ዶላር ጀምሮ የተጣራ የግል ሥራ ገቢ ያለው ሰው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የጡረታና የሕክምና መድን) መዋጮውን የሠራተኛውንም የአሠሪውንም ወገን ራሱ ይችላል። ከ4,300ው 92.35 ከመቶው ተወስዶ በ15.3 ከመቶ ሲታሰብ 608 ዶላር ገደማ ይመጣል። መደበኛው የገቢ ግብር ከዚህ ሌላ ነው። ለሥራው የገዛችው የጆሮ ማዳመጫ፣ ለሥራው የዋለው የኢንተርኔትና የስልክ ክፍያ ድርሻ ይቀነስላታል፤ ደረሰኞቹን ፈልግ። የሜሪላንዱም ማመልከቻ ለብቻው መታረም አለበት፤ ብዙ ሰው ይህንን ይዘነጋዋል።

የቁስቋም ሰፈሯ፦
እናታችሁን እግዚአብሔር ይማርልን። የእኔም እናት እዚያው ናት፤ ዘንድሮ ጥምቀትን ከእሷ ጋር ፋሲለደስ መጠመቂያ እውላለሁ ብዬ ነበር፤ ፈቃድ አጥቼ ቀረሁ። ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በየወሩ ለመድኃኒትና ለቤት ወጪ የምንልከው ገንዘብ ከዚህ ግብር ላይ የማይቀነሰው ለምንድን ነው? ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ ዶላሩ በዛ እየተባለ የሚጠየቀውም አብሮ በዛ። የምንልከው ከተረፈን አይደለም፤ ከጉሮሯችን ነጥቀን ነው።

የሒሳብ ሠራተኛው፦
ሕጉ ለወላጅ የተላከን ገንዘብ እንደ ስጦታ ነው የሚያየው፤ ስጦታ ደግሞ ከገቢ ላይ አይቀነስም። በጥገኝነት ለማስመዝገብም ወላጅ የአሜሪካ ዜጋ ወይም የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የሜክሲኮ ነዋሪ መሆን አለበት። የአሜሪካ ዜግነት የሌላት ጎንደር የተቀመጠች እናት ሙሉ ወጪዋን ብትችዪላትም አትመዘገብም። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ደግሞ በጥሬ ገንዘብ ወይም በመኒ ኦርደር በሚላክ ገንዘብ ላይ 1 ከመቶ ተጥሏል፤ ከባንክ ሒሳብ ወይም በዴቢት ካርድ የላከ አይነካውም።

ቀሃ ማዶ፦
ይህ ሁሉ ስሌት ደኅና፤ ግን አናጢው ቀብድ ይዟል እኮ። ጎንደር ክረምቱ ሲገባ የሚዘንበውን የምናውቀው እኛው ነን። የታመመች እናት ክፍት ጣሪያ ሥር ትከረም? ተመላሹ ሲመጣ ቤቱ ይለበስ፤ አይአርኤስ ሲጠይቅ ከነወለዱ ይከፈላል። በየወሩ ከፋፍሎ መክፈልም ይፈቀዳል።

የሒሳብ ሠራተኛው፦
ከፋፍሎ መክፈል መፈቀዱ እውነት ነው። አውቆ ዝም ማለት ግን ከመርሳት ይለያል። ልጅቷ ዛሬ ወረቀቱን አውቃለች፤ ከዛሬ ወዲያ ረስቼ ነው ማለት አትችልም። ነገ ዜግነት ስትጠይቅ ያልተከፈለ ግብር እንዳለባት ትጠየቃለች፤ መሐላ ያለበት ቅጽ ነው። ለ600 ዶላር ብላ ያን በር ማበላሸት የለባትም።

ቀሃ ማዶ፦
ትዋሽ አላልኩም ጋሼ። ማን ይቅደም ነው ያልኩት። መንግሥት መታገሥ ይችላል፤ ዝናብ አይታገሥም።

የቁስቋም ሰፈሯ፦
እናት ትቅደም የሚለውን እኔም እደግፋለሁ። ግን ለምን ሁሉም በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ይወድቃል? ሌሎቹ ልጆችስ? ማስታመሙም፣ ጣሪያውም፣ ግብሩም የእሷ ብቻ ሆነ እኮ።

የአዘዞው፦
እህቴ፣ ልክ ነሽ። የቆርቆሮውን ግማሽ እኔ እችላለሁ፤ ዛሬ ለአናጢው ደውዬ ነግሬዋለሁ። ጋሼ፣ የፊርማውን ነገር ግን አልመለሱልኝም። የአይአርኤስ አካውንቷ ውስጥ ለመግባት ሲሞከር የማረጋገጫ ኮዱ ወደ አሜሪካ ስልክ ቁጥሯ ይሄዳል፤ ያ መስመር ደግሞ አዘዞ ላይ አይሠራም።

የሒሳብ ሠራተኛው፦
ወንድም ስለሆንክ 2848 በሚባለው የውክልና ቅጽ አይአርኤስ ፊት ልትወክላት ትችላለህ። በእሷ ቦታ መፈረም ግን ሌላ ነው፤ ከሚፈቀድባቸው ምክንያቶች አንዱ ማስገቢያው ቀን ከመድረሱ በፊት ቢያንስ 60 ቀን ያለማቋረጥ ከአሜሪካ ውጭ መቆየቷ ነው። የሄደችበትን ቀን ቁጠር።

የአዘዞው፦
ቆጠርኩት፤ አይሞላም። ስለዚህ ራሷ መፈረም አለባት ማለት ነው። ክፍያውን ከባንኳ በዳይሬክት ፔይ፣ በአይአርኤስ የኢንተርኔት መክፈያ፣ ነገ እንፈጽማለን፤ እዚያ አካውንት መክፈት አይጠይቅም ተብያለሁ። የስልኩን ኮድ ከኢትዮጵያ ሆኖ የተቀበለ ሰው ካለ እንዴት እንዳደረገ ይንገረኝ።

ቀሃ ማዶ፦
ስለ ኮዱ አላውቅም። ስለ ጣሪያው ግን አሁንም አቋሜ ያው ነው፤ የቀረውን ግማሽ ከተመላሹ ላይ አንሥታ ቤቱን ትጨርስ።

የሒሳብ ሠራተኛው፦
ግብሯን ከከፈለች በኋላ ተመላሹ የራሷ ነው፤ ለቤቱም ታውለው። እኔ የተከራከርኩት በቅደም ተከተሉ ነው።