አትላንታ ክረምት አላት ወይስ ስሙን ብቻ ነው የምታውቀው?

ጠያቂው፦ ነገ ጠዋት እስከ 1 ኢንች (2 ሴንቲ ሜትር ተኩል) በረዶ ሊጥል ይችላል ተብሎ የልጆቼ ትምህርት ቤት ተዘጋ። "ሊጥል ይችላል" ነው እንግዲህ፤ እስካሁን ጠብ ያለ ነገር የለም። ሚኒያፖሊስ ላለ ጓደኛዬ ደውዬ ብነግረው ሳቁን ማቆም አቃተው። "እናንተኮ ክረምት አታውቁም" አለኝ። እኔ አትላንታ ስኖር 14 ዓመቴ ነው፣ ጃንዋሪ በመጣ ቁጥር ይበርደኛል። እስቲ እናንተ ፍረዱን። እዚህ ያለው ክረምት ነው ወይስ አይደለም? ትምህርት ቤትስ መዘጋት ነበረበት?

የሚኒያፖሊሱ፦ የሳቅኩት እኔ ነኝ፣ በስሜ ከመታማት ራሴ ልናገር። የአትላንታ ጃንዋሪ አማካይ ሙቀቱ 7 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ቀን ላይ 12 ይገባል። እኛ ጋ 12 ሲሆን ልጆች በቲሸርት ይወጣሉ። ክረምት ማለት መሬት ሳታይ ሦስት ወር የምትከርምበት ነው። ሰው ሐይቅ ላይ መኪና ነድቶ፣ በረዶውን በስቶ ዓሣ የሚያጠምድበት ነው። ለ1 ኢንች በረዶ አካፋ የሚያነሳ ጎረቤት የለኝም።

ደብረ ብርሃኔ፦ ቆይ፣ መጀመሪያ ቃሉን እናስተካክል። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ የተጠበሰ በቆሎ ነው። እናንተ የምትጨቃጨቁበት ጊዜ በጋ ነው። ብርድ ከፈለጋችሁ ደግሞ የእኛን አገር ልንገራችሁ። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። በህዳርና በታህሳስ ሌሊት ውርጭ ይወርድና ማታ አረንጓዴ የነበረው ባቄላ ጠዋት እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ይገኛል። ረፋድ ላይ ደግሞ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። የብርድ ልብስ ፋብሪካው እዚያ መተከሉ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ያን ሁሉ ግን ክረምት ብሎ የጠራው ሰው አላየሁም። ስሙ ብርድ ነው።

ጠያቂው፦ ጋሼ፣ እሱስ እውነት ነው። እናቴ ሐምሌ ላይ ደውላ "ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል?" ስትለኝ ላቤን እየጠረግኩ ነው የምመልስላት። ጃንዋሪ ላይ ክረምት ነው ስላት ደግሞ "ይዘንባል እንዴ?" ትላለች። ግን ለዛሬው እንደ አሜሪካኑ እንያዘው።

ደብረ ብርሃኔ፦ ያዙት። እኔ ተናግሬያለሁ።

የ285 ሹፌር፦ እኔ በቃል አልከራከርም፣ ያየሁትን ልናገር። ጃንዋሪ 28 ቀን 2014፣ ማክሰኞ። የጣለው 2 ኢንች ተኩል ያህል ብቻ ነው። በረዶው ሲጀምር ትምህርት ቤቱም፣ መሥሪያ ቤቱም፣ መንግሥትም ሰውን እኩል ለቀቁት። ቀን 7 ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት አሮጊት አሳፍሬ ሁለት ሰማንያ አምስት፣ አትላንታን የሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ገባሁ። ሀያ ደቂቃ የማይፈጅ መንገድ ነው። ያደረስኳቸው በማግስቱ ጠዋት ነው።

መጀመሪያ የወደቀው በረዶ ጎማ ስር ቀለጠ። ጀንበር ስትጠልቅ ያ ውሃ መስታወት ሆነ። ከፊቴ የቆመ ትልቅ መኪና ማንም ሳይነካው በጎኑ ቀስ እያለ ሲንሸራተት አየሁ። ነዳጅ እንዳያልቅብኝ አምስት ደቂቃ ሞተር አስነሳለሁ፣ ሩብ ሰዓት አጠፋለሁ። ኪሴ ውስጥ ግማሽ ፌስታል ቆሎ ነበረኝ። ሴትዮዋ "የወፍ ምግብ ነው?" አሉኝ፣ ከዚያ አብዛኛውን እሳቸው ጨረሱት። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሰው በቢሮ ጫማው መኪናውን ጥሎ በእግሩ ይሄድ ነበር። በዚያ ቀን እዚያው 285 ላይ መኪና ውስጥ ሕፃን ተወልዷል። ተማሪዎች ትምህርት ቤት አድረዋል። የቤት መሥሪያና መጠገኛ ዕቃ ሻጩ ሆም ዲፖ ሱቆቹን ለመንገደኛ ማደሪያ ከፍቶ ነበር። ይሄ ክረምት ካልሆነ ምንድን ነው?

የሚኒያፖሊሱ፦ የትራፊክ ችግር ነዋ። ሚሊዮን ሰው በአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ብትለቅ በፋሲካም ይዘጋል።

የ285 ሹፌር፦ አንተ ብቻ ና እዚህ ንዳ።

የሌሊት ፈረቃ ነርስ፦ ሁለታችሁም በረዶ፣ በረዶ ትላላችሁ፣ ስለ አንድ ነገር ግን አይደለም የምታወሩት። የአማርኛው በረዶ ሁሉንም ጠቅልሎ ይዟል። አገር ቤት ቆርቆሮ የሚደበድበውም በረዶ፣ እንደ ጥጥ የሚወርደው ስኖውም በረዶ፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውም በረዶ። ሚኒያፖሊስ ባለችበት ሚኒሶታ ያለው ደረቅ ስኖው ነው። ቅዝቃዜው ስለሚጸና አይቀልጥም፣ ጫማ ስር ይንኮሻኮሻል። እዚህ ግን ቀን 36 ፋራናይት፣ ሌሊት 27፤ በሴልሺየስ ቀን 2፣ ሌሊት ከዜሮ በታች 3 ገደማ። ቀን ይቀልጣል፣ ሌሊት ይረጋል። በበነጋታው አስፋልቱ እርጥብ ይመስልሃል፣ ግን ብላክ አይስ፣ ለዓይን የማይለይ የረጋ በረዶ ነው። ድንገተኛ ክፍል የሚመጡልን ስኖው ላይ የተጫወቱ አይደሉም። ቆሻሻ ሊጥሉ በነጠላ ጫማ ወጥተው እጃቸውን አስቀድመው የወደቁ ናቸው። የእጅ አንጓ ስብራት በላይ በላዩ። አንዷ የቆሻሻ ፌስታሏን እንደያዘች ነው የመጣችው።

የሁለት ልጆች እናት፦ እሺ፣ አይስ ነው። ግን እስካሁን ማንም ያላነሳውን ላንሳ። የምሠራው በሰዓት ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔም ቤት እቀራለሁ፣ የቀረሁበት አይከፈለኝም። ትናንት ማታ ለአለቃዬ ስደውል "የትኛው በረዶ?" አለኝ። እውነቱን ነው፣ እኔም መስኮቱን ከፍቼ ብፈልግ አጣሁት። ቢሮ ያላቸው ከቤት ሆነው ላፕቶፕ ይከፍታሉ። እኔ የሆቴል አንሶላ ከቤት ሆኜ ልቀይር? ለምን ሁለት ሰዓት አዘግይተው አይከፍቱም? ረፋድ ላይ ፀሐይ ይወጣል፣ ያለቀለት ነገር ነው።

የ285 ሹፌር፦ እህቴ፣ ያመመሽ ገብቶኛል። ግን በ2014ም ጠዋት ምንም አልነበረም። ጉዱ የመጣው ቀትር ላይ ነው። ልጅሽ አውቶቡስ ውስጥ ብታመሽ ይሻልሻል?

የሁለት ልጆች እናት፦ አይሻለኝም። ግን ከዚያ ወዲህ ፍርሃቱ ራሱ ሌላ በረዶ ሆነ። ትንበያ በተነገረ ቁጥር ይዘጋሉ፣ ከፋዩ ደግሞ ሁሌም ያው ነው። የሚዘጋው ሰው ደሞዙ አይነካም።

ዱባይ የነበርኩ፦ ዱባይ በጃንዋሪ ሌሊት 14 ዲግሪ ሲሆን ወፍራም ጃኬት ለብሰን ሻይ ዙሪያ እንኮለኮል ነበር። በጋው 45 የሚደርስበት አገር ነው። ሰውነት የሚለካው ከለመደው ነው። ይኸው ነው።

የጓሮ አትክልት ሰው፦ ሰውን ተዉትና ዛፉን ጠይቁ። አትላንታ ያለችባት ግዛት፣ ጆርጂያ፣ በኮክ የታወቀች ናት አይደል? የኮክ ዛፍ ብርዱን በሰዓት ይቆጥራል። ከ45 ፋራናይት በታች፣ በእኛ 7 ዲግሪ መሆኑ ነው፣ እንደ ዝርያው ብዙ መቶ ሰዓት ካልተኛ በፀደይ በደንብ አያብብም። አንዱ ቅርንጫፍ ያብባል፣ ሌላው ያፈጣል። በ2017 ክረምቱ ሞቀ፣ ቀጥሎ ማርች ላይ ውርጭ መታው፣ ከግዛቱ ምርት 80 በመቶ ገደማ ጠፋ። በ2023 ከዚያ የባሰ፣ ከ90 በመቶ በላይ። ክረምት የለም የምትሉት አገር ክረምቱ ሲቀርበት ገበሬው ይከስራል። አንተ ደግሞ ሚኒያፖሊስ ላይ ኮክ ትከልና ንገረኝ፤ አይተኛም፣ ጭራሽ ይሞታል።

የሚኒያፖሊሱ፦ ኮክ ጠበቃ ሆኖ ቀረበብኝ! እሺ፣ ይሄኛው ጥሩ ነው። ዛፉን አምኛለሁ። ሰዉን ግን ገና ነኝ።

ማሞቂያ ጠጋኙ፦ ሰዉንም ላሳምንህ። እኔ ቤት ለቤት ሂት ፓምፕ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የቤት ማሞቂያ፣ ነው የምሠራው። እናንተ ጋ የውሃ ቧንቧው ውርጭ ከማይደርስበት ጥልቀት ተቀብሯል፣ ቤቱም እንደ ቴርሞስ ታሽጓል። እዚህ ብዙ ቤት ቧንቧው ወለሉ ስር ባለው ክፍት ቦታ ወይም የውጭ ግድግዳ ውስጥ ነው ያለፈው። ሂት ፓምፕ ደግሞ ሙቀቱን የሚያመጣው ከውጭ አየር ስለሆነ፣ ውጭ ሲብስ እሱም ይደክማል። በ2022 የገና ሰሞን፣ የፈረንጆቹን ማለቴ ነው፣ አትላንታ 8 ፋራናይት ገባች። ከዜሮ በታች 13 ሴልሺየስ ነው። ስልኬ ለሦስት ቀን አላረፈም። አንድ ቤት ስገባ የሳሎኑ ጣራ ወርዶ ሶፋው ላይ ተኝቷል፣ አባወራው የተበጠሰውን የገና መብራት ገመድ በእጁ ይዞ ቆሟል። ቧንቧ ሲረጋ ዝም ይላል። መፈንዳቱን የምታውቀው ሲቀልጥ ነው።

ይሄ የገንዘብ ጉዳት ነው፣ የሰው ሕይወትም አለ። ቴክሳስ በፌብሩዋሪ 2021 መብራቱ ተቋርጦ ስንት ሰው እንደሞተ ታስታውሳለህ? ግዛቱ ራሱ የቆጠረው 246 ነው። ብዙዎቹ የሞቱት ከብርዱ ነው፣ አንዳንዱ ቤቱ ውስጥ። መኪና ወይም ከሰል ቤት ውስጥ አንድደው በጢስ የታፈኑም አሉ። ከሰል ሲባል እኛ ሐበሾች ጆሯችን ይቁም።

የሌሊት ፈረቃ ነርስ፦ አዎ፣ እባካችሁ። መብራት ቢጠፋ የቡና ከሰሉን ወደ መኝታ ቤት እንዳታስገቡ።

የሚኒያፖሊሱ፦ በሞተ ሰው ላይ አልከራከርም። ደግሞ እውነቱን ላውጣ፤ እኛም ብንሆን በጃንዋሪ 2019 ከዜሮ በታች 28 ፋራናይት፣ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 33 ሲሆን ትምህርት ቤት ዘግተናል። ሁሉም አቅሙ የሚያልቅበት ቁጥር አለው። የእናንተ ግን 1 ኢንች መሆኑ አሁንም ያስቀኛል።

ጠያቂው፦ ይህን የሚለው ሰው አምና ጃንዋሪ እኔ ቤት ሦስት ቀን አድሯል። ሁለት ብርድ ልብስ ሰጥቼው "ሌላ የለም?" ያለ እሱ ነው። በጃኬቱ ነው የተኛው።

የሚኒያፖሊሱ፦ ወለሉኮ በረዶ ነበር! እኛ ቤት ውስጥ 22 ዲግሪ ነው፣ በባዶ እግሬ ነው የምሄደው። የበረደኝ ውጭ ሳይሆን ቤትህ ውስጥ ነው። ... እሺ፣ ይሄ በእኔ ላይ ምስክር እንደሚሆን አሁን ገባኝ።

ማሞቂያ ጠጋኙ፦ ተመዝግቧል። ማታ የኩሽና ካቢኔታችሁን በር ከፍታችሁ እደሩ፣ ቧንቧዋን በትንሹ አንጠባጥቧት።

ጠያቂው፦ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። በረዶ የለም። 34 ፋራናይት፣ ዝናብ ብቻ። ልጆቹ ከነጓንታቸው መስኮቱ ላይ ተለጥፈው ሊያለቅሱ ነው።

ደብረ ብርሃኔ፦ ዝናብ ከሆነማ ክረምት ነው።