ሃኖይ ባት ዳን 49 ፎ ልበላ ነው፤ የሚያውቅ ይምራኝ

የጫማው ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ። በሚቀጥለው ሳምንት ለፋብሪካ ሥራ ሃኖይ ነኝ፤ ሆቴሌ አሮጌው ሰፈር ውስጥ ነው። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ባት ዳን መንገድ ቁጥር 49 ያለውን የፎ ቤት (ፎ የቬትናሞች የሩዝ ኑድል በሥጋ መረቅ ነው) ሳትቀምስ እንዳትመለስ ይለኛል። ቪዲዮው ላይ እንዳየሁት ግን ሰልፉ አስፋልት ደርሷል፣ አስተናጋጅ የሚባል የለም፣ ሜኑው ግድግዳ ላይ በቬትናምኛ ተጽፏል። እንዴት ነው የሚታዘዘው? ሥጋው ጥሬ ነው የሚባለውስ እውነት ነው? የአሳማ ነገር ይገባበታል ወይ? አንዱ ቀን ደግሞ ዓርብ ላይ ይውልብኛል፤ እሱንም አስቡልኝ።

ቀይ ወንዝ ማዶ
እዚሁ ነዋሪ ነኝ፣ አይክበድህ። በሩ ላይ ትሰለፋለህ። ተራህ ሲደርስ ሥጋ ከሚቆርጡት ፊት ቆመህ የምትፈልገውን ትናገራለህ፣ እዚያው ትከፍላለህ፣ ጎድጓዳ ሳህንህን ራስህ ተሸክመህ ባዶ ወንበር ትፈልጋለህ። እስከ አፉ የሞላ ፍል መረቅ ስለሆነ ሁለቱም እጅህ ያስፈልግሃል፤ ስልኩን ቀድመህ ኪስህ ክተተው። ከማታውቀው ሰው ጋር አንድ ጠረጴዛ መቀመጥ እዚህ ነውር አይደለም፣ ማንም ቀና ብሎ አያይህም።

ሦስት ቃል ከያዝክ ይበቃሃል። «ቺን» ማለት ተቀቅሎ የተቆራረጠ ሥጋ ነው። «ታይ» ጥሬውን በስሱ ቆርጠው ፍል መረቅ የሚያፈሱበት። «ታይ ናም» የሁለቱ ድብልቅ፣ ጥሬው ከተቀቀለ የጎን ሥጋ ጋር። ዋጋው እንደ ሥጋው ይለያያል፣ ሁለት ሦስት ዶላር ገደማ ነው።

ሰዓቱን ልብ በል። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 እስከ 4፣ ከዚያ ማታ ከ12 በኋላ ነው የሚሠሩት። ለምሳ ብትሄድ የተዘጋ በር ነው የምታገኘው።

ጥሬ ሥጋ ወዳድ
ቁርጥ ቤት ያደገ ሰው «ታይ» ፈራ ሲባል ሰማሁ ልበል? 😂 ታይ በል ወንድሜ፣ የሚጣፍጠው እሱ ነው።

ሲስተር ነኝ
ቀልዱ እንዳለ ሆኖ፣ ኮሶ እዚያም አለ። ትሉን የሚገድለው ሙቀት ነው። መረቁ ሲፈስበት ላዩ ነጣ ይላል፣ ውስጡ ግን ብዙ ጊዜ ሮዝ ሆኖ ይቀራል፤ ያ አልበሰለም ማለት ነው። ሥጋውን ወደ ታች ደፈቅ አድርገህ ብትቆይ ይሻላል እንጂ ዋስትና አይሆንም። ከሥራ ጉዞ ታመህ መመለስ ካልፈለግክ «ቺን» በል።

ቀይ ወንዝ ማዶ
ከሲስተር ጋር ነኝ። እኔም የማዝዘው ቺን ነው፣ ለጤና ብዬ ሳይሆን ስቡ መረቁ ውስጥ ስለሚቀልጥ።

ስለ አሳማው፦ መረቁ የሚሠራው የከብት አጥንት ለሰዓታት በመቀቀል ነው። እሳት ላይ ጠቆር ያለ ዝንጅብልና ሽንኩርት፣ ቀረፋ፣ የኮረሪማችን ዘመድ የሆነ ጥቁር ሄልና የዓሣ ሶስ ይገባበታል። አንዳንድ ቤት ግን የአሳማ አጥንት ይቀላቅላል፣ ስለዚህ መጠየቅ አይከፋም። አፍህ ላይ አስቸጋሪ ነው፤ ጥያቄውን ስልክህ ላይ በቬትናምኛ አስተርጉመህ አሳያቸው። ተራህ ከመድረሱ በፊት አዘጋጀው፣ ከኋላህ ያለው ሰው ታጋሽ አይደለም። ለመረቁ ማጥቀሻ የሚሸጡትን የተጠበሰ ሊጥ ግን በምን ዘይት እንደጠበሱት ስለማላውቅ እኔ አልነካውም።

ሰሚራ ዲ.
ለእኛ ጉዳዩ አሳማው ብቻ አይደለም፣ እርዱም ነው። ተራ የፎ ቤት ሐላል አይደለም። ሃንግ ሉዎክ መንገድ ቁጥር 12 የአን ኑር መስጊድ አለ፣ እዚያው አሮጌው ሰፈር ውስጥ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሕንድ ነጋዴዎች ያሠሩት ነው። ሐላል የሚበላበትን እዚያ ብትጠይቁ ያሳዩዋችኋል።

የፌርፋክስ ሰው
እኛ አሜሪካ ቨርጂንያ፣ ኤደን ሴንተር የሚባለው የቬትናሞች የገበያ ማዕከል የምንበላው ከባቄላ ቡቃያ፣ ከበሶብላ፣ ከሎሚና ከጣፋጭ ጥቁር ሶስ ጋር ነው። እዚያ ሲሄድ ይህን ሁሉ ይጠይቅ?

ቀይ ወንዝ ማዶ
አይጠይቅ፣ አያገኝም። የምትለው የደቡቡ አበላል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1975 በኋላ አሜሪካ የገባው ቬትናማዊ አብዛኛው የደቡብ ሰው ስለሆነ አብሮት የሄደው የደቡቧ ከተማ የሳይጎን ፎ ነው። ሃኖይ ላይ ሽንኩርት ቅጠሉን አብዝተው ይበትኑበታል፣ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ሽንኩርት የተዘፈዘፈበት ኮምጣጤና ሚጥሚጣ የሚያስንቅ ቃሪያ ታገኛለህ፣ አለቀ። መጀመሪያ መረቁን ባዶውን ቅመሰው፤ ሳይቀምሱ ኮምጣጤ የሚደፉበትን ሳይ ያናድደኛል።

ወለተ ሚካኤል
ለዓርቡ «ቻይ» የሚል የተጻፈበትን ቤት ፈልግ። የቡድሃ እምነት ተከታዮች በጨረቃ ወር 1ኛና 15ኛ ቀን ሥጋ ስለሚተዉ እንዲህ ያሉ ቤቶች ሞልተዋል፣ ፎም ይሠራሉ። ብቻ እንቁላልና ወተት የሚያስገቡ ስላሉ ጠይቀህ ነው። ተራው ፎ ላይ «ሥጋውን አውጡልኝ» ብትል መረቁ ያው ያጥንት መረቅ ነው፣ ጾም አይሆንም።

የጫማው ልጅ (ጠያቂ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የቀረችኝ አንድ ነገር፦ በእንጨቱ መብላት አልችልም። ሹካ ብጠይቅ ይስቁብኛል?

ቀይ ወንዝ ማዶ
ቢስቁም ለደቂቃ ነው። ማንኪያ ይሰጡሃል፤ በግራ ማንኪያውን ያዝ፣ በቀኝ ኑድሉን በእንጨቱ እያነሳህ ማንኪያው ላይ ሰብስበው። ድምፅ እያሰማህ ብትስበው ማንም አይቀየምህም። እንጨቶቹን ግን ሳህኑ ውስጥ ቀጥ አድርገህ አትትከላቸው፣ ለሞተ ሰው የሚቆም እጣን ይመስልባቸዋል።

ጉርሻ አይጠበቅብህም። የአገሩን ገንዘብ፣ ዶንጉን ግን ሳትቸኩል ቁጠር፤ 20 ሺህውም 500 ሺህውም ሰማያዊ ነው፣ ጠዋት በእንቅልፍ ዓይን ይምታታል። ዘርዘር ያለ ይዘህ ውጣ።

ጥሬ ሥጋ ወዳድ
እኔ አሁንም ታይ ባይ ነኝ።