«ፊት አይዋሽም» ያለው ማነው?

ቁም ነገር፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ አንዱ «ፊት አይዋሽም፤ ከዓረብ አገር ተመላሾች ጋር የምናደርገውን ቃለ መጠይቅ በቪዲዮ ቀርጸን ለሶፍትዌር ብንሰጠው እውነተኛውን ከአስመሳዩ ይለይልናል» ብሎ ጻፈ። ስንቱ ላይክ አደረገው! ምን ነካችሁ?

የማታ ተማሪ፦ «አንዱ» እኔ ነኝ። አንተ ቪዲዮ በእጅ ኮድ አድርገህ፣ ማለትም የፊትን እንቅስቃሴ አንድ በአንድ መዝግበህ ታውቃለህ? የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤክማንና ፍሪሰን በ1978 ባወጡት ዘዴ ቅንድብ ተነሳ፣ ከንፈር ተጫነ እያልክ ስትመዘግብ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ከሰዓት በላይ ይበላሃል። ሶፍትዌር ይሥራልን የምለው ለዚህ ነው።

ቁም ነገር፦ ቅንድብ ይቁጠርልህ፤ ማን ከለከለህ? «አስመሳይ» ብሎ መፍረድ ግን ሌላ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ እነ ሊሳ ፌልድማን ባሬት በ2019 ያለፉትን ጥናቶች ሲያገላብጡ ሰው ተናዶ ፊቱን የሚያኮሳትረው 30 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በቀረው ጊዜ የማይዋሸው ፊት የት ሄዶ ነው?

ሰብሊ፦ እናቴን ቅረጻት እስቲ። ስትስማማ ቅንድቧን ከፍ፣ ትንፋሿን ሳብ ነው የምታደርገው። ሶፍትዌርህ «ደንግጠዋል» ብሎ ይመዘግባታል 😂

የማታ ተማሪ፦ ለዚህ እኮ ነው በራሳችን ሰው ፊት እናሰልጥነው የምለው!

ጋሽ አዳፍሬ፦ ልጆቼ፣ እኛ ትልቅ ሰው ፊት አንገታችንን ደፍተን ነው ያደግነው። ዓይን ዓይኔን እያየ የሚያወራኝን ነበር የምጠረጥረው።

መርካቶ፦ የኛዋ የኮምፒውተር ተመራማሪ ትምኒት ገብሩ በ2018 ከባልደረባዋ ጋር አሳይታለች እኮ፤ ፊት የሚያነቡ ሶፍትዌሮች ጥቁር ሴቶች ላይ ስህተታቸው እስከ 34.7 በመቶ፣ ነጭ ወንዶች ላይ 0.8።

የማታ ተማሪ፦ ያ ጾታ መለየት ላይ ነው፤ ስሜት ላይ አይደለም። ሳታነቡ አትጥቀሱ።

አስመራ ልጅ፦ «የኛዋ»? ወላጆቿ ኤርትራውያን ናቸው።

መርካቶ፦ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። ይኼም ክርክር ሆነ?

ፍራንክፈርት፦ እዚህ አውሮፓ ሞክረውታል። አይቦርደርኮንትሮል ይባላል፤ ከ2016 እስከ 2019 ኅብረቱ 4.5 ሚሊዮን ዩሮ አፍስሶበት፣ የተጓዡን ፊት በካሜራ እያየ ይዋሻል አይዋሽም የሚል። ከየካቲት 2025 ጀምሮ ደግሞ በሥራና በትምህርት ቤት ስሜት መገመት በሕግ ተከልክሏል፤ ለሕክምናና ለደህንነት ካልሆነ በቀር።

ሰብሊ፦ ድንበር ላይስ?

ፍራንክፈርት፦ ድንበር ላይ አልከለከሉም። ጥብቅ ቁጥጥር ይደረግበት ነው ያሉት።

ሰብሊ፦ አየህ! ለሠራተኛቸው ነውር፣ ለስደተኛ ግን ይሁን። አንተም ከቤሩት ተደብድባ የመጣችውን ልጅ ካሜራ ፊት አስቀምጠህ «ፈገግ ብላለች፤ አልተበደለችም» ልትል ነው።

የማታ ተማሪ፦ ያላልኩትን አታስብሉኝ። ውጭ ተቀምጦ መተቸት ቀላል ነው።

ሰብሊ፦ ኮልፌ ነኝ እኮ።

ቁም ነገር፦ «ፊት አይዋሽም» ብለሃል አላልክም?

የማታ ተማሪ፦ ብያለሁ። አሁንም እላለሁ።

ባለ ላፕቶፑ፦ ይቅርታ፣ ሶፍትዌሩ ክፍያው በዶላር ነው? ክራክ ያለው ሰው ኢንቦክስ ያድርግልኝ።